የሚቆጥር ፕሪንተር

ናይሮቢ ውስጥ ቢሮ የከፈተ ሁሉ በፕሪንተር ጉዳይ ከሁለት ወገን አንዱ ነው። ወይ ማሽኑን ገዝቶ የራሱ ያደርጋል፤ ወይ "ማኔጅድ" በሚሉት ውል ተከራይቶ በታተመ ገጽ ልክ ይከፍላል። ዌስትላንድስ እኛ ባለንበት ፎቅ ሁለቱም አሉ፤ ጎረቤቶቻችን ገዝተዋል፣ እኛ ተከራይተናል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የእነሱን ጩኸት እንሰማለን። የእኛንም እንደሚሰሙ አልጠራጠርም።

የራስ ማሽን ደስ ይላል፣ ቶነሩ እስኪያልቅ። ሲያልቅ ማንም አያምንም። አንዱ ካርትሪጁን መዝዞ ወተት እንደሚንጥ ሰው ግራና ቀኝ ይንጠዋል፤ ጥቂት ገጽ ይወጣል። ሌላው "አንተ አልቻልክበትም" ብሎ ይቀማውና እሱም ይንጣል። ሦስተኛው ሲንጥ ቀለሙ ወረቀቱን ትቶ ሸሚዙ ላይ ያትማል። ከዚህ በኋላ ነው ሰው ወደ ሉቱሊ ጎዳና የሚላከው። የተላከው "ኦሪጅናል" የሚል የሚያብረቀርቅ ተለጣፊ ያለበትን ካርትሪጅ በግማሽ ዋጋ ገዝቶ፣ እየፎከረ ይመለሳል። ማሽኑ ቺፑን ያይና "አላውቀውም" ይላል። ተለጣፊውን ያመነው ሰው ብቻ ነው።

አንድ ቀን ማሽናቸው ወረቀት ነክሶ አልለቅም አለና ፉንዲ የሚሉት ጠጋኝ ተጠራ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው በሙሉ ከበበው፤ ሁሉም ምክር አለው። ፉንዲው ከሮለሩ ሥር የተጨማደደ ወረቀት ስቦ አወጣና ዘርግቶ ለአለቅየው ሰጠ። የሒሳብ ሹሙ ሲቪ ነበር።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም። ማሽናችን ቶነሩ ሊያልቅ ሲል በኔትወርክ ለአከራዩ ራሱ ይናገራል፤ ቴክኒሽያኑ ሳንጠራው ይመጣል። በገጽ ልክ መከራየት አዲስ ነገር አይደለም። ዜሮክስ እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው 914 የተባለ ኮፒ ማሽን ለመግዛት እጅግ ውድ ስለነበር፣ ኩባንያው በወር 95 ዶላር ያከራየው ነበር፤ 2000 ቅጂ በኪራዩ ውስጥ ይታሰባል፣ ከዚያ ያለፈው በየገጹ ይቆጠራል። ወረቀቱን አንዳንዴ ስለሚያቃጥለውም ትንሽ የእሳት ማጥፊያ ተጨምሮለት ነበር። የእኛው እሳት አያስነሳም። ሪፖርት ነው የሚያስነሳው።

ኬንያ ውስጥ ወላጅ የሆነ ሁሉ "ሲቢሲ" ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2019 በመላ አገሪቱ ከተጀመረ ወዲህ መምህሯ ማታ ማታ በዋትስአፕ ትልካለች፦ ነገ ጠዋት ልጁ ባለቀለም የዱር አራዊት ሥዕል ይዞ ይምጣ። ወላጅ ድሮ በጨለማ ወደ ሳይበር ካፌ ይሮጥ ነበር። አሁን ማልዶ ቢሮ ይገባል። አለቃችን አንድ ጠዋት ከትሪው ላይ አውራሪስ አነሣ። "ማማ ናታን፣ ይሄ የየትኛው ደንበኛ ነው?" አለኝ። "የቱሪዝም ዘርፍ" አልኩት። ከሥሩ ጎሽና ነብር እየወጡ ነበር።

የዓመቱ ሪፖርት ሲመጣ የቀለም ገጹ ጥር ላይ ሽቅብ ይወጣል፣ ሚያዝያ ላይ ይወርዳል፣ ነሐሴ ላይ ጭርሱን ይጠፋል። አለቃችን ግራፉን ትኩር ብሎ አየና "ነሐሴ ላይ ገበያ ይቀዘቅዛል ማለት ነው" አለ። ትምህርት ቤት መቼ እንደሚዘጋ የምናውቅ ወላጆች ሁላችን በሐዘን ራሳችንን ነቀነቅን።

ደግሞ ቀለም ከጥቁር ይወደዳል፤ ለማሽኑ ጭላንጭል ቀለም ካለበት ገጹ የቀለም ገጽ ነው። ከደንበኞቻችን አንዱ በሚልከው ኢሜይል ግርጌ "ከማተምዎ በፊት ስለ ዛፎች ያስቡ" የሚል አረንጓዴ መስመር አለ። መልእክቱ አንድ ገጽ ይሞላል፤ ያቺ መስመር ብቻዋን ሁለተኛ ገጽ ትወርዳለች። በቀለም ሒሳብ።

አለቃችን በመጨረሻ ለእያንዳንዳችን የምስጢር ቁጥር ሰጠን፤ ቁጥሩን ማሽኑ ላይ ሳይነኩ ምንም አይወጣም። በሳምንቱ የሁሉም ሰው ቁጥር ማሽኑ ጎን በቢጫ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ፤ እንዳይረሳ ተብሎ ነው። አለቃችን ወረቀቱን ነቀለና "ከአሁን በኋላ የየሰዉን ስም እያየሁ ነው" አለ። ይኼኔ ፈራን። አውራሪሱም ጎሹም ተሰደዱ፤ የዕድራችን የመዋጮ ዝርዝር እንኳ በእጅ ተጻፈ።

ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው አለቃችን ውሉን አውጥቶ አነበበ። ዝቅተኛ የገጽ መጠን የሚባል ነገር አለ፤ ብታትምም ባታትምም ትከፍላለህ። ገና ግማሹ ላይ ነበርን። ላልታተመ ገጽ መክፈል አንጀቱ አልቻለም፤ በሩ ላይ ቆሞ "ምን ትጠብቃላችሁ? አትሙ እንጂ!" አለ። የሒሳብ ክፍሉ የዘጠኝ ዓመት ደረሰኝ አመጣ። እኔ የዕድሩን ዝርዝር ለያንዳንዱ አባል፣ ለሞቱትም ጭምር አተምኩ። ከሰዓት በኋላ የጎረቤቶቻችን ጸሐፊ ፍላሽ ይዛ አንኳኳች፤ የእነሱ ቶነር አልቆ ሦስት ሰው ንጦታል።