ጉሙን ግፈፍልኝ!

የድሮ ቺት ኮድ ነፍስ ያድን ነበር። ካዙሂሳ ሃሺሞቶ በ1986 እ.ኤ.አ. «ግራዲየስ»ን ከአርኬድ ማሽን ወደ ኔንቴንዶ ኮንሶል ሲያሻግር፣ ሲሞክረው ጌሙ ለራሱ ከበደውና መሣሪያውን በአንዴ የሚያስታጥቅ የቁልፍ ቅደም ተከተል ሸጎጠበት። ያው ኮድ ኋላ «ኮንትራ» ላይ 30 ሕይወት አስገኘ። የዛሬው ኮደኛስ? ኮምፒውተሩ ላይ ኮንሶል የሚያስመስል ኢሙሌተር ጭኖ፣ የድሮ የፕሌይስቴሽን ጌም ከፍቶ፣ «ነጸብራቁን አጥፋልኝ፣ ጉሙን ግፈፍልኝ!» ይላል። 30 ሕይወት ሲሰጡት መነጽር የሚለምን ትውልድ!

እስቲ ኮደኛና ተረበኛ ይግጠሙ።

ኮደኛ፦ «ሻዶው ኦቭ ዘ ኮሎሰስ»ን አየኸው? ያን ሁሉ ነጸብራቅ በአንድ ኮድ ድርግም አደረግሁት።

ተረበኛ፦ የጌሙ ሠሪ ፉሚቶ ኡዌዳ በ2005 አስቦበት ያበራውን ፀሐይ? ምን በደለህ?

ኮደኛ፦ ፕሌይስቴሽን 2 እንዲህ ያለውን ነጸብራቅ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ምስሉን አሳንሶ፣ አደብዝዞ፣ መልሶ እላዩ ላይ በመደረብ ነው። እኔ ምስሉን አራት እጥፍ ሳሳድገው ድርቡ ቦታውን ይስትና ሁሉ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል።

ተረበኛ፦ ታዲያ ነጸብራቁ ምን ያድርግ? አሳዳጊ የበደለው ነው!

ኮደኛ፦ የ1999ኙ «ሳይለንት ሂል»ስ? ጉሙን ሙልጭ አድርጌ አነሳሁት።

ተረበኛ፦ ከሥሩ ምን አገኘህ?

ኮደኛ፦ ምንም። መንገዱ ትንሽ ሄዶ ይቆረጣል። ሕንፃው ስጠጋው ድንገት ይበቅላል።

ተረበኛ፦ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን እኮ ዋና ሜሞሪው 2 ሜጋባይት ብቻ ነው። ሩቁን መሳል ሲያቅተው ሠሪዎቹ ከተማውን ጉም አለበሱት፤ ሰዉም ጉሙን ፈራ። ማጣቱን ሸፍኖ ያስፈራራንን ከተማ ገመናውን ገልጠህ «ባዶ ነው» ትላለህ? አቦ፣ አንተን ያየ ጭራቅ እንኳ ይሸፋፈናል!

ኮደኛ፦ ቆይ፣ ስክሪኑንም አስፍቼዋለሁ። ኮድ ማለት አድራሻና ቁጥር ነው፤ ሜሞሪው ውስጥ «እዚህ ቦታ ያለውን ይህን አድርገው» ትለዋለህ። የምስሉን ስፋት ከቁመቱ ጋር የምታነጻጽረውን ቁጥር ከ1.33 ወደ 1.78 ቀየርኳት፣ በቃ ግራና ቀኙ ተከፈተ!

ተረበኛ፦ ጥግ ላይ ድርቅ ብሎ የቆመው ማነው?

ኮደኛ፦ እሱ ተራው እስኪደርስ ከምስሉ ውጭ የሚጠብቅ ገጸ ባሕርይ ነው። ሠሪዎቹ በድሮው ጠባብ ቴሌቪዥን አይታይም ብለው ነው።

ተረበኛ፦ ምስኪን! እረፍት ላይ የነበረ ሠራተኛ በኮድ አስጠራህ። በል ትርፍ ሰዓቱን ክፈለው!

ኮደኛ፦ ፍሬሙንም በሰከንድ ከ30 ወደ 60 አወጣሁት።

ተረበኛ፦ ጀግናው ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚሮጠው?

ኮደኛ፦ አንዳንድ ጌም እንቅስቃሴውን የሚቆጥረው በፍሬም ነው። ፍሬሙን እጥፍ ስታደርገው ፍጥነቱም እጥፍ ይሆናል።

ተረበኛ፦ ዓለምን ሊያድን ነው ወይስ የመጨረሻው ታክሲ ሊያመልጠው?

ኮደኛ፦ ሳቅ አንተ! ሕግ ከእኔ ጋር ነው። ጌም ጂኒ የሚባለውን የቺት መሣሪያ የሸጠው ጋሉብ፣ በ1992 አሜሪካ ውስጥ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ኔንቴንዶን ረትቷል። ሰው ጌሙን ቤቱ ለጊዜው ቢቀያይረው ሌላ ሥራ ፈጠረ አያሰኘውም ተብሏል።

ተረበኛ፦ ነጻ የወጣኸው ከኔንቴንዶ ነው እንጂ ከተረብ አይደለም። የተረብ ፍርድ ደግሞ ይግባኝ የለውም!

ኮደኛ፦ አንተስ? ፎቶህን ከመለጠፍህ በፊት ቡግርህን በፊልተር ትደመስሳለህ። አንተ ፊልተር ጨምረህ ቆንጆ ስትባል እኔ ፊልተር ስለቀነስኩ ወንጀለኛ ልባል?

ተረበኛ፦ ይቺስ ገብታለች። ግን ስክሪኑ ላይ የተጋደሙት ጥቋቁር መስመሮች ምንድን ናቸው?

ኮደኛ፦ እነሱማ... ምስሉ የድሮ ቴሌቪዥን እንዲመስል የጫንኩት ማጣሪያ ነው። ያለ እሱ በጣም ጠርቶ ዓይን ይወጋል።

ተረበኛ፦ ብዥታውን ፈትተህ በሽማግሌ መለስከው በለኛ!

ኮደኛ፦ በል አፍህን ያዝልኝ፣ ልጫወትበት። ... ኧረ! ሞትኩ እንዴ?

ተረበኛ፦ አዎ፣ ያውም እንደ ብርጭቆ ጠርቶ! ነጸብራቅ የለ፣ ጉም የለ፣ «አልታየኝም» የምትልበት ሰበብ የለ። ድሮ በብዥታ ትሸነፍ ነበር፤ አሁን በጥራት ትሸነፋለህ።