«ገባችሁ?» ብሎ የመውጣት ጥበብ

መምህርነት አድካሚ የሚሆነው ተማሪው ምን እንዳልገባው ያወቁ ዕለት ነው። ያወቀ ሰው ነገ በሌላ መንገድ ደግሞ ማስረዳት ይኖርበታል፤ ማታ ደብተር ማገላበጥ፣ ምሳሌ መፈለግ ይመጣል። ስለዚህ እስከ ጡረታ ተረጋግተው ማስተማር ከፈለጉ የምመክርዎ አንድ ነገር ነው፦ አይወቁ።

የዕለት ትምህርት ዕቅድ የሚዘጋጀው ለርዕሰ መምህሩ ፊርማ ነው። የአምናውን አውጥተው ቀኑን ይቀይሩ። «የተማሪው ተግባር» በሚለው ሥር ከላይ እስከ ታች «ያዳምጣሉ፣ ማስታወሻ ይይዛሉ» ብለው ይሙሉ። «ግምገማ» በሚለው ሥር «የቃል ጥያቄ» ይበሉ። ውሸት አይሆንብዎትም፤ ጥያቄውን እነግርዎታለሁ።

ክፍል ሲገቡ ፊትዎን ለሰሌዳው ሰጥተው ጠመኔው እስኪያልቅ ይጻፉ። ክንድዎ ከዛለ፣ ጽሕፈቷ የሚያምር ልጅ ያስነሡና ኖቱን እሷ ትገልብጥ፤ የክፍል አለቃው የሚያወሩትን ልጆች ስም ይመዝግብ፤ እርስዎ ሻይዎን ይጠጡ። (ልጅቷ የራሷን መቼ ትጽፋለች? ከጓደኛዋ ደብተር ተውሳ፣ ማታ ቤቷ።) 40 ደቂቃ እንዲህ ሲያልፍ አይታወቅም።

ደወሉ ሊደወል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ ዳስተሩን እንደያዙ፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው «ገባችሁ?» ይበሉ። አደራ፣ ቃናው የጥያቄ ሳይሆን የማዘዣ ይሁን። «አዎ!» የሚል ጩኸት ይመልስልዎታል፤ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ አፉን ብቻ ከፍቶ ይሆናል፣ ከዚያ ርቀት አይለይም። «ያልገባው አለ?» ማለትም ይቻላል፤ ያኔ ግን ሰዓትዎን እንጂ ልጆቹን እንዳያዩ። አንድ ደፋር እጁን ካወጣ «አሁን እኮ ነው ያስረዳሁት፣ የት ነበርክ?» ይበሉት። አንዴ ከተባለ ለዓመቱ ይበቃል፤ ለእሱም ለሌሎቹም።

አንዱን ልጅ ለይተው ከጠየቁ ደግሞ አይታገሡ። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባወጡት ጥናት፣ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ እንደሆነ አሳይተዋል። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ዝምተኞቹ መናገር ጀመሩ፤ ይባስ ብሎ ልጆቹ ራሳቸው መጠየቅ አበዙ። ሁለት ሰከንድ ዝምታ ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣል እንግዲህ! የጠየቁትን በዚያው ትንፋሽ ራስዎ ይመልሱት። ካልሆነም ከፊት ወንበር «ቲቸር! ቲቸር!» እያለ ጣቱን ለሚያጮኸው ልጅ ይስጡት። እሱ ካወቀ ክፍሉ አወቀ ማለት ነው።

ደብተር ሲያርሙ በጣም ይጠንቀቁ፤ ሚስጥሩ የሚያፈተልከው እዚያ ነው። አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ 1/2 ሲደመር 1/3 እኩል ይሆናል 2/5 ብሎ ጽፏል እንበል። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርገው ይለፉ። ትንሽ ከቆሙ፣ ላዩን ከላይ ታቹን ከታች እንደደመረ ያያሉ፤ ማለትም ልጁ በግምት አልጻፈም፣ የራሱን ሕግ አውጥቷል። «እንዴት አገኘኸው?» ካሉት አለቀልዎ። ግማሽ ዳቦ ይዞ ሲሶ ቢጨመርለት እንዴት ከግማሽ ያነሰ ዳቦ ሊኖረው እንደሚችል አብራችሁ ስታስቡ ክፍለ ጊዜው ያልቃል፤ በዚያ ላይ አጠገቡ ያሉት ሁሉ በዚያው ሕግ እንደሠሩ ይሰማሉ። ከሁሉም የሚሻለው ሳያነቡ «ታይቷል» ብሎ መፈረም ነው።

በእርግጥ ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ሰባ ደብተር ማረም ቀልድ አይደለም። የአገሪቱ መስፈርት በአንደኛ ደረጃ 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ለአንድ ክፍል ቢልም፣ ወረቀቱና ክፍሉ ተገናኝተው የማያውቁበት ቦታ ብዙ ነው። ደመወዙንም ሁላችን እናውቀዋለን። ሆኖም «ገባችሁ?» ለማለትና «እስቲ ለጓደኛህ አስረዳው» ለማለት የሚፈጀው ጊዜ ያን ያህል አይራራቅም። ይህን ለማንም አይንገሩ፤ የተማሪው ብዛት የሚያህል ሰበብ ደግመው አያገኙም።

ሱፐርቫይዘር የሚመጣ ቀን ባለፈው ሳምንት ያስተማሩትን ደግመው ያስተምሩ። የሚያውቅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራ እጁን እንዲያወጣ አስቀድመው ከልጆቹ ጋር ይስማሙ። ተሳትፎው ያስደንቃል። የቡድን ሥራማ ምክርም አያሻው፤ አንዷ ትሠራለች፣ ሌሎቹ ስማቸውን ያስጽፋሉ፣ ማርኩ ለሁሉም ይታደላል።

እንዲህ ሆኖ ውጤት መምጣቱ አይቀርም። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ኩረጃን ለመከላከል ዩኒቨርሲቲ ገብተው በተፈተኑበት በ2014 ዓ.ም. ፈተና፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለ ዜና ሲሰሙ አይደንግጡ፤ ወደ ታች ያመልክቱ። የ12ኛው መምህር «ከዘጠነኛ ሳይችሉ መጥተው» ይላል፣ የዘጠነኛው ወደ ስድስተኛ ይልካል፣ የስድስተኛው ወደ አንደኛ፣ የአንደኛዋ መምህርት ወደ ወላጅ።

ወላጅ ከመጡ ደግሞ ለማንኛውም ልጅ የሚሆን አረፍተ ነገር ይያዙ፦ «ልጅዎ ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ያወራል እንጂ።» ስሙን ማስታወስ እንኳ አያስፈልግም። እናቲቱ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው «ለመሆኑ ያልገባው ምኑ ነው?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ያኔ ሮስተሩን ዘርግተው ጣትዎን ከስም ስም በቀስታ ያውርዱ፤ ደወሉ እስኪደወል።