አልላቀቅ ያለው ጋንቾ

ፒካፕ መኪና ያለው ሰው አንድ ቀን የሚጎትተው ነገር መፈለጉ አይቀርም። እኔ የፈለግሁት ቤት ነበር። ለባለቤቴ «ልጆቹ ተፈጥሮን ይወቁ» አልኳት። እውነቱ ግን ባለፈው ዓመት ጀልባ የገዛው ጓደኛዬ በቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ስዞር እንዲያየኝ ነው። ጀልባውን ውሃ ላይ አይቼው አላውቅም። እኔም ብሆን ተሳቢ ቤቱን እንደገዛሁ በመጀመሪያ የወሰድኩት ወደ ጫካ ሳይሆን ወደ ቅዳሴ ነው። የብዙ ሰው ቦታ ይዤ ስላቆምኩ አንድ የሰበካ ጉባኤ አባል መጥተው በጨዋ ደንብ አስነሡኝ። ጓደኛዬ ግን አይቶኛል።

ተሳቢውን የሸጠልኝ ሰው ሐቀኛ ነበር፤ ይህን ልመስክርለት። ከአፍንጫው እስከ ጭራው አዞረኝ። ገና ስንጀምር ፊት ለፊት ያለውን ብረት በጫማው ነካ አድርጎ «ይቺ እጀታ አንዳንዴ ትይዛለች፤ ጽዳትና ግራሶ ትፈልጋለች» አለኝ። እኔ በዚያች ሰዓት በመስኮቱ በኩል የጋዝ ምድጃውን በዓይኔ እየለካሁ ነበር፤ ጀበና ይቆምበት ይሆን? ከተናገረው ሁሉ የገባኝ ነገሩ ዋጋ ለማስቀነስ እንደሚያገለግል ብቻ ነው። «እንግዲህ ችግር ካለባትማ...» ብዬ ግንባሬን ቋጠርኩ። መቶ ዶላር ቀነሰልኝ። ቤቴ እስክደርስ ድረስ ራሴን ከመርካቶ ነጋዴዎች ተርታ አስልፌ ነበር የምነዳው።

ዕቃው ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር፤ እኔም ያወቅሁት ካጣመምኩት በኋላ ነው። ከፒካፑ ኋላ ጋንቾው ላይ የብረት ኳስ ቆሟል። በተሳቢው አፍንጫ ላይ ደግሞ ከፕለር የሚሉት ጎድጓዳ ብረት አለ፤ ኳሱን ከላይ እንደ ቆብ ይደፋበታል። በውስጡ፣ ከኳሱ በስተኋላ፣ አንዲት መንጋጋ አለች። እጀታዋ ወደ ታች ስትጫን መንጋጋዋ ኳሱን ከሥሩ ጥርቅም አድርጋ ትይዛለች፤ እጀታዋ ስትነሣ ትለቀዋለች። በመንገድ ላይ በራሷ እንዳትነሣ ፒን ይሰካባታል። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝነው ቤቴ፣ አልጋው፣ ምድጃው፣ ልጆቼ የጫኑት ኮተት ሁሉ የሚከተለኝ በዚህች መንጋጋ ጉልበት ነው። እኔ ግን ስለ መንጋጋ የሰማሁት የለም። የማውቀው እጀታ መሆኗንና እጀታ ደግሞ መነሣት እንዳለባት ነው።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ያውቃል። በልጅነቱ በጅቡቲ መንገድ የከባድ መኪና ረዳት ነበር። በአዋሽ፣ በሚሌ፣ እስከ ጋላፊ ድረስ ከተሳቢ ጋር ኖሯል፤ ታኮ የሚያደርገው፣ ጎማ እየመታ የሚያዳምጠው፣ በአፋር ፀሐይ የተሳቢውን ቀለበት ከፒኑ የሚያገናኘው እሱ ነበር። አሁን እዚህ አሜሪካ ራሱ ባለ 18 ጎማ ይነዳል። «ጋሼ፣ ከመሄድዎ በፊት መጥቼ ልየው» ቢለኝ «ኧረ አታስብ፤ ያንተ የጭነት ነው፣ ይሄ የሽርሽር ነው» አልኩት። «እሺ ጋሼ» አለ። በዚያ ሰሞን ስልኩን ራስጌው አድርጎ ይተኛ እንደነበር የነገረኝ ኋላ ነው።

ጉዞው ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነበር። በተራራው ጀርባ ላይ የተዘረጋው ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ይረዝማል፤ በሰዓት ከ35 ማይል በላይ መንዳት ክልክል ነው። ሕጉ ለእኔ ተብሎ የወጣ መሰለኝ፤ 35 እንኳን አልደረስኩም። ከኋላዬ የሚሰለፉት መኪኖች እየበዙ ሲሄዱ በመስታወቱ አየሁና ቤቱን ወደውት ነው አልኩ። ሜሪስ ሮክ የሚባለው ዋሻ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። የእኔ ተሳቢ ቁመት ስንት ነው? አላውቅም። ስለዚህ ጎንበስ አልኩ። መሪዬን ጨብጬ፣ አንገቴን ትከሻዬ ውስጥ ቀብሬ፣ ትንፋሼን ይዤ አለፍኩ፤ ልጆቼም እኔን አይተው ጎነበሱ። ባለቤቴ ብቻ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ታየን ነበር።

ቢግ ሜዶውስ ከሚባለው የካምፕ ቦታ ደርሰን ተሳቢውን የኋሊት ማስገባቱ የራሱ ታሪክ ነው፤ አልተርከውም። መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ቤቱ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ይህን ያህል ይበቃል። ገባ በመጨረሻ። ጎረቤቶቻችን ታጣፊ ወንበራቸው ላይ ሆነው መጽሐፍ የሚያነቡ ይመስላሉ፤ ገጽ የሚገልጥ ግን አላየሁም። ከመኪናዬ ወረድኩ፣ ሱሪዬን ከፍ አደረግሁ፣ ሄጄ እጀታዋን ሳብ አደረግኋት።

እንቢ።

በሁለት እጄ ሳብኳት። እንቢ። አንድ እግሬን ፓራውልቱ ላይ ተክዬ ወደ ኋላ ተንጋለልኩ። እጄ አመለጠኝና ጠጠሩ ላይ በመቀመጫዬ ተዘረገፍኩ። በዚህ ጊዜ አንዱ ጎረቤት ገጽ ገለጠ።

ደብሊው ዲ 40 አወጣሁ። እዚህ አገር አልከፈት ያለ ነገር ሁሉ በእሱ ይሞከራል። እ.ኤ.አ. በ1953 ሳን ዲዬጎ ውስጥ የሮኬት ብረት እንዳይዝግ ተብሎ የተሠራ ነው፤ እርጥበትን ገፍቶ የሚያስወጣው ቀመር የተሳካው በ40ኛው ሙከራ ስለሆነ ቁጥሩ ስም ሆኖ ቀረ። እነዚያ ሰዎች 39 ጊዜ ከሽፎባቸው ቀጥለዋል። እኔ ረጭቼ ሳልጨርስ ለምን አትነሣም ብዬ ተቆጣሁ። ዘይት እስኪገባ ትንሽ መታገሥ እንደሚገባ ቆርቆሮው ላይ ይጻፍ አይጻፍ፣ መነጽሬን ቤት ትቼ መጥቻለሁ፤ መነጽር ፎቶ ላይ ያስረጀኛል። የቀረውን በሙሉ አንበሸበሽኩት። ከእጀታዋ ይልቅ የጠገበው ነጩ ጫማዬ ነው። ጫማውም ለፎቶ የተገዛ ነበር።

ቀጥሎ መዶሻ። የያዝኩት ለድንኳን ችንካር ነው። መጀመሪያ ቀስ ብዬ መታኋት፣ ለማስታወስ ያህል። ከዚያ ጠንከር አድርጌ። ከዚያ በኋላ የምመታው ብረቱን ይሁን ጀልባ የገዛውን ጓደኛዬን ለይቼ አልናገርም። ሸናንዶዋ ጥቁር ድብ የሞላበት ፓርክ ነው፤ ያን ዕለት ማታ በእኛ አካባቢ አንድም አልታየም። ትንሹ ልጄ «አባዬ፣ ምን አድርጋህ ነው?» አለኝ። ባለቤቴ ምንም አላለችም። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋዋ ግን ከመዶሻዬ ጋር እኩል ይወርድ ጀመር።

ከማዶ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ የሸበተ ሴት የቡና ኩባያ ይዘው መጡ። ከእኔው እጅግ የሚረዝም ተሳቢ ብቻቸውን እየጎተቱ አገር ለአገር የሚዞሩ ናቸው። እጀታዋን አላዩም፤ ያዩት ጎማውን ነው። «ታኮ የለህም» አሉኝ። ታኮማ አለኝ፤ ጓዳ ውስጥ፣ ከነፕላስቲኩ። የራሳቸውን አምጥተው ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ወሸቁ። «በል መኪናህ ውስጥ ግባና ስንዝር ያህል ወደ ፊት ሂድ።» ሄድኩ። ሴትዮዋ ኩባያቸውን ሳያስቀምጡ፣ በሌላኛው እጃቸው፣ እጀታዋን አነሡአት።

ምክንያቱ የሚያሳፍር ያህል ቀላል ነው። ተሳቢን የኋሊት ገፍቶ ያቆመ ሰው ኳሱን መንጋጋዋ ላይ አስደግፎ ነው የሚወርደው። ያ ሁሉ ግፊት እያለባት መንጋጋዋ ንቅንቅ አትልም፤ ዘይት ብትጠጣ፣ መዶሻ ብትቀምስ። መኪናው ትንሽ ወደ ፊት ሲል ኳሱ ይርቅላታል። ታኮው ቤቱ አብሮ እንዳይከተል ነው። ይህን ሁሉ ሲያስረዱኝ «አዎ፣ እኔም እሱን ነበር የማስበው» አልኳቸው። መዶሻው እጄ ላይ ነበር።

ጉዴ የወጣው ልንመለስ ስንል ነው። ከፕለሩን ኳሱ ላይ አወረድኩ፣ እጀታዋን ጫንኳት፤ ግማሽ መንገድ ሄዳ ቆመች። ተጣማለች። የፒኑ ሁለት ቀዳዳዎች ይተያያሉ እንጂ አይገናኙም። ባለቤቴ ስልክ አቀበለችኝ። ቁጥሩ ተደውሎ እየጠራ ነበር።

ወንድሟ ደርሶ ልጆቹን ሳመ፣ እኔን በአክብሮት ጨበጠኝ፣ ከዚያ መዶሻውን ከአጠገቤ አንሥቶ የራሱ መኪና ውስጥ ቆለፈበት። ካርቶን አንጥፎ ከከፕለሩ ሥር ተኛ። የወጣው ጉድ ብዙ ነው፤ አሮጌ ግራሶ ከመንገድ አሸዋ ጋር ተቦክቶ ደርቋል፣ ሞላው ዝጓል። በሽቦ ብሩሽ ፈገፈገው፣ ጠረገው፣ ከሥር ያለችውን ማስተካከያ ዳዶ ላላ አድርጎ ሞከረ፣ መልሶ አጠበቃት። መንጋጋዋ ደህና ነበረች፤ የተጎዳችው እጀታዋ ናት። አቃናት፣ አዲስ ግራሶ ቀባ፣ ፒኑ ገባ። ከዚያ እኔ አይቼው የማላውቀውን ነገር አደረገ። የተሳቢውን ክሪክ ወደ ላይ አዞረ፤ ከፕለሩ ኳሱን ይዞ የፒካፑን ኋላ አብሮ ብድግ አደረገው። «አዩ ጋሼ? መኪናው አብሮ ካልተነሣ አልያዘም ማለት ነው።» ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ከምንኖርበት ከአሌክሳንድሪያ ድረስ የመጣሁት በእምነት ብቻ መሆኑን አልነገርኩትም።

ቀጥሎ የመጠባበቂያ ሰንሰለቶቹን አየ። ከፕለሩ ቢያመልጥ አፍንጫው መሬት እንዳይወጋ ሰንሰለቶቹ ከሥር በመስቀል ይታሰራሉ። እኔ አንዱን ቀጥ አድርጌ አስሬዋለሁ፤ ሌላው ሲጎተት መጥቶ ጫፉ አብለጭልጯል። መንገዱን ሙሉ ሽርርር የሚል ድምፅ ሰምተን ነበር። የአስፋልቱ ጥራት ነው ብዬ ለልጆቹ አስረድቻቸዋለሁ።

«ቤት ታድርሰን እንጂ ይቺ ትቀየራለች» አለ። እኔም ትንሽ ክብር ላተርፍ ከፕለሩን ራሴ አዘዝኩ። ኳሶቹ ሦስት ዋና መጠን አላቸው፦ 1 ከ7/8፣ 2፣ እና 2 ከ5/16 ኢንች። የኳሱ መጠን አናቱ ላይ፣ የከፕለሩም ገላው ላይ ተቀርጾ ይገኛል። አጎንብሶ ማንበብ ነው። እኔ 2 ኢንች አዘዝኩ፤ ክፍልፋይ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አልወድም። ዕቃው መጣ። ኳሳችን 2 ከ5/16 ነው፤ አዲሱ ከፕለር አናቱ ላይ ተቀምጦ አልወርድም አለ። ልዩነቱ 8 ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። «ቀላል ነው፣ ኳሱን በትንሽ እንቀይረዋ!» አልኩ። አማቼ ለጥቂት ጊዜ ጫማውን ሲያይ ቆየ። «ጋሼ፣» አለ፣ «ኳሱም ከፕለሩም ጋንቾውም የየራሳቸው የክብደት ልክ ተጽፎባቸዋል። የሚታመነው ከሁሉም ያነሰው ነው። ይሄ ያዘዙት ደግሞ ቤቱን አይችለውም።» ጨመረና፣ ትልቁ ከፕለር ውስጥ ትንሽ ኳስ ሲገባ የባሰ መሆኑን ነገረኝ፤ የያዘ ይመስላል፣ ፒኑም ይገባል፣ አንድ ጉድጓድ ሲያገኝ ግን ዘሎ ይወጣል። ይህን ሲነግረኝ ያንን ርካሽ ትንሽ ኳስ በስልኬ መግዣ ቅርጫት ውስጥ አስገብቼ ነበር። ስልኩን ኪሴ ውስጥ እንደያዝኩ ሰረዝኩት።

ከፕለሩ በቡሎን የታሰረ ቢሆን ኖሮ ጓሮ ውስጥ ፈትተን ባሰርነው። የእኛ ግን በብየዳ የተያያዘ ነው፤ ይህን ቆርጦ መልሶ መበየድ የሙያተኛ ሥራ ነው። «ብየዳ በቪዲዮ አይቻለሁ» ብል አማቼ መዶሻው አሁንም እሱ ጋ እንዳለ አስታወሰኝ። ወደ በያጅ ወሰድነው። ከሻጩ ያስቀነስኩት መቶ ዶላር ለመነሻ እንኳን አልበቃም።

አሁን ታኮዬ ከፕላስቲኩ ወጥቷል። ካምፕ በገባን ቁጥር ደግሞ የቡና ኩባያ ይዤ መዘዋወር ልማድ ሆኖብኛል፤ እግሬን ላፍታታ ነው እላለሁ። በቅርቡ ታዲያ አንድ ወጣት እጀታ ይዞ ሲታገል አገኘሁ። ልቤ በደስታ ዘለለ። ሮጬ እንዳልደርስ ራሴን ያዝኩ፣ ዝግ ብዬ ሄድኩ፣ እጀታውን ሳላይ ጎማውን አየሁ። «ታኮ የለህም» አልኩት። የራሴን አምጥቼ ወሸቅሁለት፣ ወደ ፊት አስነዳሁት፣ እጀታው በአንድ እጄ ተነሣልኝ፤ ከኩባያዬ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ልጁ በአድናቆት አየኝ። ቀጥሎ ከከፕለሩ አጠገብ የተንጠለጠለች ቀጭን ሽቦ አንሥቶ «ይቺስ የት ነው የምትታሰረው?» አለኝ።

ሽቦዋን አየኋት። የእኔም ተሳቢ ላይ እንደሷ ያለች አለች፤ እስከዛሬ ጠቅልዬ በፕላስተር ለጥፌያት ነው የምነዳው።

«ይቅርታ፣ ባለቤቴ እየጠራችኝ ነው» አልኩት።

ባለቤቴ በዚያ ጉዞ አልመጣችም ነበር።