ቤዝ በፈረሱላ

የሰርግ ሽልማት ወግ አለው። ብሩ መጀመሪያ የሚለጠፈው ዘፋኙ ግንባር ላይ ነው፤ ላቡ በደንብ ከያዘው ሌላ ይደረብበታል። ቀጥሎ ተወዛዋዦቹ ናቸው። ሞቅ ያለው ሚዜ ትንሽ ወደ ኋላ ከዘለቀ ኪቦርዲስቱም ይደርሰዋል፤ ፊቱ ወደ ሕዝብ ነው፣ ፈገግ ማለትም ያውቅበታል። ድራመሩ ግንባር ላይ መለጠፍ ለዓይን ስለሚያሰጋ ብሩን ከከበሮው ሥር ጣል ያደርጉለታል። ከዚያ ሚዜው እኔ ዘንድ ይደርሳል። ያየኛል። ጊታሬን ያያል። ክሮቹን ሲቆጥር ሁለት የጎደሉ ይመስለዋል። ብሩን ወደ ኪሱ ይመልስና ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ፣ «ወንድሜ፣ ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?» ይለኛል።

ዲላ ውስጥ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ባንዳችን ውስጥ በሙዚቃ ብቻ የሚተዳደር ሰው የለም፤ ድራመሩ መምህር ነው፣ ኪቦርዲስቱ ሞባይል ይሸጣል፣ ሊድ ጊታሪስቱ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይሠራል። ስለዚህ የልምምድ ፕሮግራማችንን የሚያወጣው ቡናው ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ቀዩ እሸት ሲለቀም ሊድ ጊታሩ ከነባለቤቱ ይሰወራል። ጥር ሲገባ ግን የቡናው ገንዘብ ኪስ ገብቷል፣ ሰርጉ ይግተለተላል፣ የጌዴኦ ዘመን መለወጫ ደራሮም በዚያው ሰሞን ነው፤ እኛም ከወናጎ ይርጋጨፌ፣ ከይርጋጨፌ ቡሌ ስንል እንከርማለን። ዘፋኛችን በአንድ ሰርግ ላይ በጌዴኡፋ ጀምሮ፣ በሲዳምኛ አሙቆ፣ በጉጂ ኦሮምኛ አስጨፍሮ፣ ሙሽሮቹን በአማርኛ ይሸኛል። ለአራቱም ቋንቋ እኔ የምጫወተው ያንኑ ዶና ሶል ነው። ይህን እስካሁን ማንም አልደረሰበትም።

መድረክ ላይ ቦታዬ ከድራሙ ጎን ነው፤ እዚያ እንደ ቱቱ ፈላ ትክል ድንጋይ ተገትሬ አመሻለሁ። የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች እንኳን መስከረም 2016 ዓ.ም. ከነመልክዓ ምድሩ በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። የእኔ ጉዳይ ገና በሂደት ላይ ነው።

አልፎ አልፎ ግን ቤዝ ለመግዛት የሚያማክሩኝ ልጆች ይመጣሉ። አብዛኞቹ ጣታቸውን የፈቱት በቤተ ክርስቲያን ነው። በእኛ አካባቢ የቤዝ ትምህርት ቤቱ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የመዘምራን ክፍል ነው፤ ጊታሩ እዚያ አለ፣ ሞንታርቦው እዚያ አለ፣ በየሳምንቱ ሳይሰለች የሚመጣ ሕዝብም እዚያ አለ። የሚመረጡት ግን በተሰጥኦ አይምሰላችሁ። ሊድ ጊታር ሽቶ ዘግይቶ የደረሰ ልጅ ነው ቤዝ የሚታቀፈው። ፖል ማካርትኒም ያው ነው፤ በ1961 እ.ኤ.አ. የቢትልስ ቤዝ ተጫዋች ባንዱን ትቶ ሲሄድ ከቀሩት አንድም የሚፈልገው ጠፍቶ ዕጣው እሱ ላይ ወደቀ።

ልጆቹ የሚጠይቁኝ ስለ ድምፁ፣ ስለ እንጨቱ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ ቀለሙ ነው። እኔ የምጠይቃቸው «በምን ልትጭነው አስበሃል?» ብዬ ነው። ይስቃሉ። እኔ ግን ከምሬ ነው፤ ቤዝ ጊታር ከጥንቱም የጭነት ጉዳይ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊዮ ፌንደር በ1938 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን ከተማ ውስጥ ሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። ጊታር መጫወት አይችልም፤ ዕድሜ ልኩን አልተማረም። በዚያን ዘመን ቤዝ ማለት ከሰው ቁመት የሚበልጠው ኮንትራባስ ነው። ባንድ ከከተማ ወደ ከተማ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሌላው ሁሉ መኪና ውስጥ ገብቶ እሱ ጣራ ላይ ይታሰራል። ደርሶ ሲወርድ ደግሞ የኤሌክትሪክ ጊታሩና የድራሙ ጩኸት ይውጠዋል። ጠጋኙ ፌንደር በ1951 እ.ኤ.አ. ከትከሻ የሚንጠለጠል፣ ባለ አራት ክር፣ አንገቱ ላይ ፍሬት የተደረደረበት ጠፍጣፋ እንጨት ሠርቶ አወጣ። ጣት ፍሬቱን ተከትሎ ትክክለኛው ኖታ ላይ ስለሚያርፍ ስሙን ፕሪሲዥን ቤዝ፣ «ልኩን የማይስት» እንደማለት፣ አለው።

እንግዲህ መሣሪያችን የተገኘው ከሬዲዮ ጠጋኝና ከመኪና ጣራ ነው። ዲላ ደግሞ ሁለቱንም አላሳጣችንም። ጠጋኝ አለን፣ ፖርቶመጋላም አለን።

ጠጋኛችንን ጋሼ ነው የምንለው። የሬዲዮ ዘመን ካለፈ ወዲህ በዲኮደርና በቻርጀር የሚኖር፣ ግን ልቡ ሬዲዮ ላይ የቀረ ሰው ነው። ቤዝ ስትወስዱለት የማን ሥሪት እንደሆነ አይጠይቅም፣ በድምፁም አይመሰጥም። ከኋላ ከፍቶ ሽቦውን ይቆጥራል። ቀላሉ ዓይነት አንድ ማግኔት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ፣ ሁለት መዘውር፣ አንድ ካፓሲተርና የጃክ መሰኪያ ነው፤ አለቀ። «ይኼ ጨዋ ዕቃ ነው» ይላል ጋሼ። ሌላው ዓይነት ውስጡ የራሱ ማጉያ ሰርኪዩት አለው፤ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይበላል፤ ባትሪው የሚያልቀው ሁልጊዜ ሙሽራዋ ስትገባ ነው። አንዱ ልጅ እንዲህ ያለውን ይዞለት ሲመጣ ጋሼ መነጽሩን አውልቆ፣ «ልጄ፣ ይህን ስትገዛ እኔን አስበኸኛል?» አለው። አላሰበውም ነበር። ዲላ ላይ የሚቆም ቤዝ የሚገዛ ሰው ጋሼን ማሰብ አለበት።

ከአዲስ አበባ ፌንደር የሚል ጽሑፍ ያለበት ቤዝ በእጅጉ ርካሽ አገኘሁ የሚልም አይጠፋም። ፌንደርነቱን በጥፍራችሁ ጫር ብታደርጉት ይለቃል። ግን አንገቱ ቀጥ ካለና ቅኝት ከያዘ ይግዛው እላለሁ፤ ሚዜ እንደሆን ጽሑፍ አያነብም። ዋናው አንገቱ ነው። ዲላ ዝናቧ ብዙ ነው፣ ቡሌ ደግሞ ብርድ ነው፤ ቆላና ደጋውን ባንድ ቀን ሲመላለስ የማይጣመም እንጨት የስሙ ነገር አያሳስበኝም።

ክር ሌላ ጣጣ ነው። እዚህ እንደ ልብ አይገኝም፣ ሲገኝም ዋጋው ያስደነግጣል። የቤዝ ክር ሲያረጅ በጥምጥሙ መሐል ላብና እድፍ ይገባበትና ድምፁ ይደፈናል። መድኃኒቱ መቀቀል ነው። ቀልድ አይደለም፤ በየአገሩ ያለ ኪሱ የሳሳ ቤዝ ተጫዋች ክሩን ይቀቅላል፣ ክሩም ለጥቂት ጊዜ ነፍስ ይዘራል።

«ምን ጥደህ ነው?» አለች እማዬ።

«ክር ነው።»

ክዳኑን ገልጣ እንፋሎቱን በእጇ እያራገበች አየች። «ይበስላል?»

«አሥር ደቂቃ ይበቃዋል።»

«እንግዳ አለብህ እንዴ?»

ሞታውን ስቱዲዮ ውስጥ ያን ሁሉ ዘፈን ያጀበው ጄምስ ጀመርሰን ክሩ ካልተበጠሰ አይቀይርም ነበር ይባላል፤ የሚመታውም በአንድ ጣት ብቻ ነበር። ይህን ለእማዬ ብነግራት፣ «ታዲያ የሱ እናት ድስቷ ተርፎላታል» አለች። የእሷ ድስት አሁን በክርነት ተመድቧል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ወፍራሙ ክር ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ አንዱ ሞገድ ብቻ ከስምንት ሜትር ይረዝማል። ይህን ድምፅ የድንኳን ሸራ አያግደውም፣ የጭቃ ግድግዳም እምብዛም አያግደውም። ሰርግ ቤት ስትቀርቡ ከሩቅ የሚሰማችሁ ዘፋኙ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ያልተጠራ ጎረቤት ሌሊቱን ሙሉ የሚረግመውም እኔን ነው። ሰርጉ በሞባይል ተቀርጾ ቲክቶክ ላይ ሲወጣ ግን የለሁም፤ የስልክ ስፒከር እዚያ ድረስ አይወርድም። እማዬ ቪዲዮውን ሁለቴ አይታ፣ «አንተ ግን ምን እየሠራህ ነበር?» አለችኝ። እዚያ ለነበረ ሰው ሆዱን የሚያምሰው፣ እዚያ ላልነበረ የማይኖር ሥራ ነው።

ይህ ድምፅ አየር መግፋት ስለሚፈልግ ትልቅ ስፒከርና ብዙ ዋት ይጠይቃል። በዚያ ላይ ለጆሮ እጥፍ ያህል ጮኾ እንዲሰማ ከተፈለገ ኃይሉ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ፌንደር ከጣራ ያወረደውን ጭነት ሌሎች በአምፕሊፋየር መልክ መልሰው ጫኑት ማለት ነው። አምፔግ በ1969 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤስቪቲ የሚባለው ባለ 300 ዋት ማጉያ፣ ስፒከሩ ሳይታሰብ ራሱ ብቻ 38 ኪሎ ገደማ ነው። በእኛ ሚዛን፣ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና፣ ከሁለት ፈረሱላ በላይ ማለት ነው። ስለ ድምፁ ሰው አልቅሶ ይጽፋል። እኔ የማለቅሰው ባጃጅ ውስጥ ሳስገባው ነው። ዛሬ በሁለት በሦስት ኪሎ 500 ዋት የሚሰጡ ማጉያዎች ተሠርተዋል፤ ጋሼ አንዱን ከፍቶ አይቶ መልሶ ዘጋውና፣ «ፀሎት ነው የሚያስፈልገው» አለ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያዩኛል። ዘፋኙ ያለ ማይክ ይቀጥላል፣ ድራመሩ ይደልቃል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ እኔ እንጨት ይዤ ቆሜአለሁ። ጄኔሬተር ይነሣል። የመሬት ሽቦው በወጉ ካልተሠራ ስፒከሩ ውስጥ 50 ሄርዝ የሚያጓራ ድምፅ ይገባል፤ 50 ሄርዝ ደግሞ ከወፍራሙ ሶል ጋር ለጥቂት ነው የማይገጥመው። አንዳንድ ሰርግ ላይ ስለዚህ ዘፈኑን ሁሉ በሶል እናደርገዋለን፤ ከጄኔሬተር ጋር ተጣልቶ ያተረፈ የለም። እንግዲህ ባንዱ ሁለት ቤዝ ተጫዋች አለው ማለት ነው፣ ነዳጅ የሚገዛለት ግን ለአንዱ ነው።

ሦስተኛም አለ፤ የኪቦርዲስቱ ግራ እጅ። ኪቦርድ ባገራችን ከተንሰራፋ ወዲህ አንድ ሰው ድራሙን በማሽን ከፍቶ፣ ቤዙን በግራው፣ ዜማውን በቀኙ ይዞ ሰርግ ያሟሙቃል። ለደጋሽ ርካሽ ነው፤ ምሳም የሚበላው አንድ ሰው ነው። የእኛው ኪቦርዲስት ጨዋ ልጅ ነው፣ ግራ እጁ ግን ጨዋ አይደለችም፤ ችክችካው ሲሞቅ ሳያስበው ወደ እኔ ሰፈር ትወርዳለች። ሁለት ቤዝ እየተጋጨ ድንኳኑ ይታፈናል። ስመክረው ሰነበትኩና ባይሆን ትኩስ ሻይ መጋበዝ ጀመርኩ። ብርጭቆውን በግራ እጁ እንዲይዝ።

ደጉ ዘመን ይህን ክርክር አያውቀውም ነበር። ማሕሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ»ን ሲቀዳ አይቤክስ ባንድ ውስጥ ቤዝ የያዘው ጆቫኒ ሪኮ ነበር፤ በኋላም ሮሃ ባንድ ያጀበው ያ ሁሉ ካሴት በእሱ ጣት ላይ ቆሟል። በዋልያስ ባንድ ደግሞ ቤዙ የመላከ ገብሬ ነበር። ዋልያሶች ሂልተን የገቡት የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው ነው፤ መሣሪያው የክለቡ ሲሆን ክለቡ ያዛል፣ የራስ ሲሆን ግን ስለ ክፍያ አፍ ከፍቶ መነጋገር ይቻላል። ይህን ለባንዳችን ብዙ ጊዜ እሰብካለሁ። ስብከቴ ልባቸው ገብቶ አሮጌ የቱቦ ማጉያ ከአዲስ አበባ በጋራ ገዛን፤ ኤስቪቲ አይደለም፣ ክብደቱ ግን ዘመዱ ነው። የመረጠው ጋሼ ነው። ውስጡ የሚታይ ሽቦ፣ የሚነቀል ቱቦ፣ በብየዳ ብረት የሚደረስበት ነገር ሁሉ አለው። ሲከፍተው ፊቱ በራ።

ማጉያውን ይዤ መናኸሪያ ስደርስ አውቶቡሱ ፖርቶመጋላ ላይ ሊያወጡት ሁለት ወዛደሮች ተጠሩ። አንደኛው ጫፉን ነቅነቅ አደረገና መልሶ ለቀቀው።

«ስንት ፈረሱላ ነው?»

«ሁለት ተኩል ይሆናል።»

«ቡና ነው?»

«አምፕሊፋየር ነው። የሙዚቃ።»

ጓደኛውን አየው። ጓደኛውም እኔን አየኝ። «በዘንድሮ ዋጋ» አለኝ ገመዱን እያጠባበቀ፣ «ቡና ቢሆን ይሻልህ ነበር።» ቀጥሎም የሁለት ሰው ሒሳብ ጠየቀኝ።