ደጋፊው በዝቶ ገዢው ጠፋ

በክልል ከተማ ሶፍትዌር ሠርቶ ለመኖር የሚፍጨረጨር ሰው ብዙ ነገር ሊያጣ ይችላል፤ ደጋፊ ግን አያጣም። የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ቢሮው ይደግፈዋል፣ ሥራና ክህሎት ይደግፈዋል፣ ክፍለ ከተማው ይደግፈዋል፣ ዩኒቨርሲቲውም በበኩሉ ኢንኩቤሽን ማዕከል ከፍቶ ይጠብቀዋል። ሁሉም ስልክ ቁጥራችንን ይዘዋል፤ ሩብ ዓመት ሊያልቅ ሲል ሁሉም ይደውላሉ። "ስንት ሰው ቀጠራችሁ?" ሁለት ነበርን፣ አሁንም ሁለት ነን ስንላቸው ቅር ይላቸዋል። "ጊዜያዊም እኮ ይያዛል! ያ ባነር የሰቀለላችሁ ልጅስ?" እንዲህ እየተባለ ባነር ሰቃዩም፣ ላፕቶፕ የጠገነልንም ተቆጥሮ ሪፖርት ላይ ትልቅ ቀጣሪ ሆነናል። ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው የጠፋው።

እስቲ ቅጹን ላሳያችሁ። የድጋፍ መጠየቂያ ነው፤ ፎቶ ኮፒው ከፎቶ ኮፒ ስለተነሳ የግራ ጠርዙ ተበልቷል። የኢንተርፕራይዙ ስም፣ የአባላት ብዛት ወንድ፣ ሴት፣ ድምር። እስከዚህ ደህና። ቀጥሎ "የሚጠየቀው ሼድ ስፋት በካሬ ሜትር" ይመጣል። ከዚያ "የሚያስፈልግ ማሽነሪ"። ከዚያ "የጥሬ ዕቃ ምንጭ"። እኛ የምንሠራው የመድኃኒት ቤቶችን ክምችትና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን የሚከታተል ሶፍትዌር ነው፤ ጥሬ ዕቃ ምን እንበል? ጓደኛዬ አስቦ አስቦ "መብራትና ኢንተርኔት" ብሎ ሞላ። ባለሙያዋ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡና ከልባቸው ጠየቁን፦ "ከአገር ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ የምታስገቡት?" አልቀለዱም። ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፤ አንዱ ላይ የ"ራይት" ምልክት ማድረግ አለባቸው።

በእሳቸው አልፈርድም። መሥሪያ ቤቱ በጥቃቅንና አነስተኛ ዘመን የተደራጀ ነው፤ የሚያውቃቸው ዘርፎች ማኑፋክቸሪንግ፣ ኮንስትራክሽን፣ ከተማ ግብርና፣ ንግድና አገልግሎት ናቸው። እኛ አገልግሎት ውስጥ ከፀጉር ቤቱና ከጋራዡ ጋር ተመድበናል። ሼድ የተሰጠው ጓደኛችን ከከተማ ወጣ ብሎ ነው የደረሰው፤ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲግል ላፕቶፑ ይጠፋል፤ ኔትወርክ ለማግኘት አጥር ዘሎ መንገድ ዳር መቆም አለበት። ግን ሦስት ፌዝ መብራት ተዘርግቶለታል። ወፍጮ ቢኖረው ሀብታም ነበር።

ማሽን በሊዝ መውሰድም ይቻላል። 20 በመቶውን አስቀምጡ፣ 80 በመቶውን የሊዝ ኩባንያው ሸፍኖ ማሽኑን ይገዛላችኋል፣ እየሠራችሁ ክፈሉ። ጥሩ አሠራር ነው፤ ብዙ አንጥረኛና ብዙ ልብስ ሰፊ ከመሬት አንስቷል። እኛ የምንፈልገው ግን የሰርቨር ኪራይ ነው፤ በየወሩ በዶላር የሚከፈል፣ በእጅ የማይጨበጥ፣ ታርጋ የማይለጠፍበት። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ያው ሰርቨር በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆነ። የሚከፍልልን አሜሪካ ያለ የአጎት ልጅ ነው፤ በእሱ ካርድ። አንድም ደጋፊ መሥሪያ ቤት "ሰርቨራችሁን በምን ትከፍላላችሁ?" ብሎ ጠይቆን አያውቅም። ስለ ሼዱ ግን ይጠይቁናል።

ሥልጠናውስ? የካይዘን ሥልጠና ወስደናል፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያልን። የማያስፈልግ ዕቃ ላይ ቀይ ካርድ ለጥፉ ተብለን ሁለት ላፕቶፕና አንድ ወንበር ስንመለከት ዋልን። ከዚያ የሥራ ፈጠራ ሥልጠና ወሰድን። አሠልጣኙ ዕድሜ ልካቸውን የመንግሥት ደመወዝተኛ ናቸው፤ ንግድ ፈቃድ አውጥተው አያውቁም፤ የእኛ ትልቁ ችግር የአመለካከት መሆኑን ግን በስላይድ አሳዩን። ሻይ ቡናው ጥሩ ነበር።

አደረጃጀት ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ በ2013 ዓ.ም. ሲወጣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ወረዳው ላይ ስንደርስ ግን "አምስት ሁናችሁ ኑ" ተባልን፤ ድጋፉ የሚሰጠው በቡድን ለተደራጀ ነው። ኮድ የማይጽፉ ሦስት ዘመዶች ፈልገን ፈረምን። ብድር ሲጠየቅም እንደዚያው ነው። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲታወጅ ወጣቱ ሁሉ እንዲደራጅ ተነግሮት ነበርና ልማዱ ከዚያም ወዲህ ቀጠለ። በ2011 ዓ.ም. ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን አዋጅ ወጥቷል ብለን ይዘን ብንሄድ፣ የብድር ሠራተኛው በትሕትና ሰማንና "ቤት የለም? የቤተሰብም ቢሆን" አለን። አዋጁና መስኮቱ ገና አልተገናኙም።

ይህ ሁሉ ይቻላል። ሐበሻ ወረፋ ለምዷል። የማይቻለው ግዢው ነው።

በክልሉ ትልቁ ገዢ ማን ነው? ራሱ ክልሉ ነው። ጤና ቢሮው፣ ትምህርት ቢሮው፣ ገቢዎች፣ ዞኑ፣ ወረዳው። ሶፍትዌር የሚያስፈልገውም እሱው ነው። ታዲያ ኤግዚቢሽን ላይ ሪባን የቆረጠው ኃላፊ እኛ ድንኳን ጋ ቆሞ "የአገር ውስጥ አቅም!" ብሎ፣ በካሜራ ፊት ጨብጦን፣ ሳምንት ሳይሞላ የመሥሪያ ቤቱ የጨረታ ማስታወቂያ ይወጣል። ይነበብ፦ በዘርፉ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የአቅራቢነት ምዝገባ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ፣ ባለፉት ዓመታት ተመሳሳይ ሥራ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርቶ ያስረከበበት የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ። የመጨረሻዋ ላይ ነው የምንቀረው። ለመንግሥት ካልሸጥን ደብዳቤው የለም፤ ደብዳቤው ከሌለ ለመንግሥት አንሸጥም።

እርግጥ ለጥቃቅንና አነስተኛ አስተያየት አለ፤ በሲፒኦ ፈንታ ካደራጀን አካል የዋስትና ደብዳቤ ማምጣት ይቻላል። አደራጁ አካል ዘንድ ሄድን። ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሲመጡ ደብዳቤውን ለመጻፍ ጨረታ ያወጣው መሥሪያ ቤት "ይጻፍላቸው" የሚል ደብዳቤ ይጽፍ አሉ። ጨረታ ያወጣው መሥሪያ ቤት ደግሞ ለተወዳዳሪ ደብዳቤ መጻፍ አድልዎ ይሆንብናል አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሕሙማን መመዝገቢያ ሶፍትዌሩ ጨረታ ግን ተዘጋ። ያሸነፈው ከአዲስ አበባ የመጣ ድርጅት ነው፤ ሶፍትዌሩን ቀድሞ የሠራው ለሆቴል ስለነበር የሕሙማኑ መመዝገቢያ ላይ "የመኝታ ክፍል ቁጥር" አለ ሲባል ሰምተናል። ሐሜት ሊሆን ይችላል።

መግዛት ሲያቅታቸው ደግሞ ሌላ መንገድ አላቸው፤ "በነፃ ሞክሩልን"። ለወጣት መንግሥት ቤት ገብቶ መታየት ዕድል ነው ይባላል። እኛም ገባን። የአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል በእኛ ሲስተም መሥራት ከጀመረ ሰንብቷል፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ ያለ እሱ ወጪ አያደርጉም። ውል ይፈረም ስንል በጀት አልተያዘለትም። በጀት ይያዝ ስንል ዕቅድ ውስጥ አልገባም። ዕቅድ ውስጥ ይግባ ስንል ለምን ይገባል፣ እየሠራ አይደለም እንዴ? እውነታቸውን ነው፤ እየሠራ ነው።

ፌዴራሉ በ2012 ዓ.ም. "ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025" የሚል ስትራቴጂ አጽድቋል፤ በ2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና አስጀምሯል። ደስ ይላል። ሰርተፍኬቱን የያዙት ልጆች እኛ ጋ እየመጡ ሥራ ይጠይቃሉ፤ የድጋፍ ቢሮዎቹም "ኮደር ነህ? ተደራጅ" ይሏቸዋል። አንዳንዴ አንድ ቢሮ በዓመት አንድ ኤግዚቢሽን ቢያስቀር፣ ለድንኳኑና ለቲሸርቱ የሚወጣውን ገንዘብ ለትንሽ የሙከራ ግዢ ቢያደርገው፣ ቢያንስ አንዳችን የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ ይኖረን ነበር እላለሁ። ይህን ሐሳብ በመድረክ አንስተን ነበር። "ጥሩ ግብዓት ነው" ተብሎ ተመዝግቧል።

ባለፈው ዓርብ ማታ ያ የነፃ ሲስተም ቆመ። ንብረት ክፍሉ ደወለ፤ ሰኞ ኦዲተር ይመጣል፣ ኑ፣ ሰው ሊቸገር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሄደን አስተካከልን፤ ዲስኩ ሞልቶ ነበር። በራፍ ላይ ዘበኛው መታወቂያ ጠየቀን፤ የሠራተኛ ባጅ የለንም፣ የአቅራቢም ውል የለንም። ስልክ ተደውሎ ገባን። ስንወጣ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ አመሰገኑን፣ መረቁንም፤ ከዚያ ለሩብ ዓመቱ ሪፖርት የሚሆን ስንት ሰው እንደቀጠርን ቢሯቸው ጠይቂልኝ እንዳላቸው ነገሩን።