ለገዳሪፍም አንድ የውርርድ ቤት ይከፈት

ለንደን የሚኖር፣ ዜግነት ገና ያላገኘ ኢትዮጵያዊ በእንግሊዝ ጠቅላላ ምርጫ ድምፅ መስጠት አይችልም። ከከሰላ የሄደ ሱዳናዊም አይችልም። ሩዋንዳዊ ግን ይችላል፤ አገሩ እ.ኤ.አ. በ2009 የኮመንዌልዝ አባል ሆናለችና። ሩዋንዳ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሆና አታውቅም፤ ሱዳንን ግን እንግሊዞች፣ ከግብፅ ጋር በስም ተጋርተው፣ ከ1899 እስከ 1956 ገዝተዋታል። ይህ ቅር የሚያሰኘው ካለ ይጽናና፤ የእንግሊዝ ዴሞክራሲ እንግዳን ደጅ አያሳድርም። ዕድሜው 18 የሞላ ሁሉ በምርጫው ላይ መወራረድ ይችላል። የምርጫ ወረቀት የተከለከለው ሰው መንገዱን ተሻግሮ ትኬት ይቆርጣል።

ለነገሩ ድምፅ ምን ይሠራል? የፖለቲካ ተወራራጆች እንደሚሉት መራጭ በስሜት የሚነዳ፣ የተገባለትን ቃል የሚያምን ምስኪን ነው። ተወራራጁ ግን ስሜት የለውም። የአንዲት ትንሽ ከተማ የማሟያ ምርጫ ውጤት ሲወጣ ሌሊቱን ይቀመጣል፤ የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎችን አማካይ ያወጣል፤ ማን ሚኒስትር ማንን እንደጠላ ያውቃል። በክርክር መሐል አንዱ ታሪክ ጠቅሶ፣ ሌላው የዋጋ ንረትን አስልቶ ሲናገር የተወራራጁ መልስ አንድ ነው፦ «ስንት ታስይዛለህ?» ከዚህ ጥያቄ በኋላ የተማረው ዝም ይላል፤ ሃያ ፓውንድ ያለው ይቀጥላል።

እኛም ዘንድ ቢሆን ጥበቡ እንግዳ አይደለም። የጎንደርና የመተማ ወጣት በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ላይ ትኬት ሲቆርጥ ኖሯል። የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2015 ዓ.ም. የቤቲንግ ቤቶችን በጅምላ ሲያሽግ ግን ትውልድ ያበላሻሉ ተብለው ነበር። አዲስ አበባ ላይ ትውልድ የሚያበላሸው ነገር ለንደን ሲደርስ የሕዝብን ልብ የሚያነብ ሳይንስ ይሆናል። ልዩነቱ ምናልባት ቁማርተኛው በልጅነቱ የተማረበት ትምህርት ቤት ነው።

የሳይንሱ ውጤት ደግሞ የሚያስቀና ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ማንም ፓርቲ አብላጫ አያገኝም ተባለ፤ ዴቪድ ካሜሮን 331 መቀመጫ ይዘው ገቡ። በ2016 ከአውሮፓ ኅብረት የመውጣት ሕዝበ ውሳኔ ዕለት ማታ የውርርድ ገበያው እንግሊዝ የመቆየቷን ዕድል ከ80 በመቶ በላይ አድርጎት ነበር። በአንድ የውርርድ መድረክ ላይ ብቻ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተይዟል። ሲነጋ «እንውጣ» ያለው ወገን በ51.9 በመቶ አሸነፈ። በ2017 ቴሬዛ ሜይ ሥልጣናቸውን አጠናክራለሁ ብለው ያለ ጊዜው ምርጫ ጠሩ፤ የነበራቸውንም አብላጫ አጡ። ባለሙያዎቹ ግን አላፈሩም። ገበያው 80 በመቶ ሲል 20 በመቶውም አለ ማለቱ ነው፣ ስለዚህ ልክ ነበር ብለው አስረዱ። እንዲህ ዓይነት ነቢይ በየትኛውም ገዳም ቢሆን የሚሳሳትበት መንገድ የለም።

ሊዝ ትረስ በ2022 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ሳይንሱ ወደ አትክልት ተራ ወረደ። ዴይሊ ስታር ጋዜጣ አንድ ሰላጣ ካሜራ ፊት አስቀምጦ ከሴትዮዋና ከሰላጣው ማን ይቆያል ሲል ጠየቀ። ሰላጣው አሸነፈ። ሴትዮዋ በ49 ቀናቸው ቤቱን ለቀቁ።

በ2024 ግን በመጨረሻ እውነተኛ ዕውቀት ተገኘ። ሪሺ ሱናክ ሜይ 22 ቀን ከዳውኒንግ ስትሪት ቁጥር 10 ደጃፍ ዝናብ እየደበደባቸው ምርጫው ጁላይ 4 ይሆናል ብለው አወጁ። አገሩ ሁሉ ደነገጠ፤ ምርጫውን በመጸው ሲጠብቅ ነበራ። ከሦስት ቀን በፊት ግን የሱናክ የቅርብ የፓርላማ ረዳት ክሬግ ዊሊያምስ ምርጫው በጁላይ ይሆናል ብለው 100 ፓውንድ አስይዘው ነበር፤ ኦዱም (የአሸናፊው ክፍያ ተመን) አምስት ለአንድ። ነገሩ ሲወጣ መወራረዳቸውን አምነው ይቅርታ ጠየቁ። ቀጥሎ የወግ አጥባቂው ፓርቲ ሌሎች ሰዎች፣ ፖሊሶች ጭምር ተመረመሩ፤ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 የቁማር ተቆጣጣሪው ኮሚሽን 15 ሰዎች ላይ ክስ መሠረተ። ጥፋተኛ ማን እንደሆነ የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ነው።

ከሁሉ የሚደነቁት ግን የሌበር ፓርቲ ዕጩ ኬቪን ክሬግ ናቸው። በሚወዳደሩበት ወረዳ ተቃዋሚያቸው ያሸንፋል ብለው ገንዘብ አስያዙ። ትርፉን ለበጎ አድራጎት ላውለው ነበር አሉ፤ ፓርቲያቸው አገዳቸው፤ ምርጫውንም እንዳሉት ተሸነፉ። ሕዝብን ለማገልገል ተነሥቶ ሕዝቡ እንደማይፈልገው ከሁሉ ቀድሞ ያወቀ ፖለቲከኛ በእኛ ቀበሌ ቢገኝ ምንኛ በተገላገልን!

እንግዲህ በመቶ ፓውንድ ምክንያት አንድ አገር ሲናወጥ ከረመ። ቅሌቱ መጠኑ ሳይሆን ውስጥ አዋቂ ሆኖ መወራረዱ ነው ተባለ። ልክ ነው። ለዚህ ዓይነት ነውር ጥብቅ ሕግ ያስፈልጋል። ሕጉ ግን የሚጠብቀው የውርርድ ቤቱን ካዝና ነው፤ በሌሎች ዕድል ላይ ሲወራረዱ ለኖሩት የለንደን ሹማምንት ኮሚሽን ተቋቁሞ አያውቅም። ይህን ለማየት ከለንደን ወደ ከሰላ መምጣት ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 1884 የእንግሊዙ አድሚራል ዊልያም ሂወት ዓድዋ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ውል ተፈራረመ። የሱዳን መሐዲስቶች (ደርቡሾች) የግብፅን ጦር ከሰላና በዙሪያዋ ከበውት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የተከበበውን ጦር ያስወጡ፤ በምላሹ ቦጎስ ይመለስላቸው፣ በምፅዋም ዕቃቸው በነፃ ይለፍ ተባለ። በእንግሊዝ ፖለቲካ ላይ በአካባቢው የተያዘ የመጀመሪያው ትልቅ ውርርድ ይህ ነው ቢባል ያስኬዳል። ኦዱ መልካም ይመስል ነበር፤ ውርርዱን የተቀበለውም የጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን መንግሥት፣ በወንበሩ ላይ የተደላደለ። አፄ ዮሐንስ ቃላቸውን ጠበቁ። የገላባት ጦር በኢትዮጵያውያን እርዳታ ወጣ። በፌብሩዋሪ 1885 ግን ጣሊያን ምፅዋ ላይ ወረደ፤ እንግሊዝም ዝም አለች። በጁን የግላድስተን መንግሥት ወደቀ። በምን? በቢራና በአረቄ ቀረጥ ላይ በተሰጠ ድምፅ። ከሰላ ውስጥ የተከበበው ሰው ምግብ አጥቶ የለንደንን መልስ ሲጠብቅ፣ የለንደን እንደራሴዎች ስለ ቢራ ዋጋ ድምፅ ቆጠሩ። በጁላይ መጨረሻ ከሰላ ወደቀች። ራስ አሉላ በሴፕቴምበር ኩፊት ላይ ተዋግተው አሸነፉ፤ የሚያድኑት ጦር ግን ከእንግዲህ አልነበረም።

የትኬቱ ቀሪ ሒሳብ ለኢትዮጵያ ደረሰ። መሐዲስቶች ጎንደርን አቃጠሉ፤ አፄ ዮሐንስም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ። ግላድስተን ግን በ1885 መንግሥታቸው ከወደቀ በኋላ ሁለት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። የዚያ ዘመን የለንደን ተወራራጅ ይህን አይቶ «አየህ፣ ሽማግሌው ይመለሳል ብዬህ ነበር» ሳይል አልቀረም።

ከዚያ ወዲህ እጣው ተደጋገመ። የ1902ቱን የኢትዮጵያና የሱዳን ድንበር ውል ተከትሎ ሻለቃ ቻርለስ ግዊን በ1903 ድንበሩን ሲያሰምሩ የኢትዮጵያ ተወካይ አብሯቸው አልነበረም፤ አል ፋሽጋ ላይ ሰሊጥ የሚዘራ ገበሬ እስከ ዛሬ የሚጣላው በእሳቸው መስመር ነው። በ1935 የእንግሊዝ ሕዝብ 11 ሚሊዮን ተኩል ሰው በተሳተፈበት፣ «የሰላም ድምፅ» በተባለ መጠይቅ ወራሪን በጋራ እንቅጣ አለ። ስታንሊ ባልድዊን ይህን መፈክር ይዘው ኖቬምበር 14 ምርጫውን አሸነፉ። አንድ ወር አልሞላም፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ላቫል ጋር ኢትዮጵያን ቆርሶ ለሙሶሊኒ የሚሰጥ ዕቅድ አወጡ። ዕቅዱ ሾልኮ ወጣ፤ ሆርም ሥልጣን ለቀቁ። «ሆር አበቃላቸው» ብሎ ያስያዘ ሰው ግን ተበላ፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት ለንደን በገቡ በሁለተኛው ቀን፣ ጁን 5 ቀን 1936፣ ሆር የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆነው ተመለሱ።

(የቀን ቁጥር ለሚወድ ተወራራጅ፦ ጣሊያን ከሰላን ከእንግሊዝ የነጠቀው ጁላይ 4 ቀን 1940 ነው። የሱናክ ምርጫም ጁላይ 4። በዚህ ላይ ስልት የሚሠራ አይጠፋም።)

ወደ ቅርቡ እንምጣ። በኖቬምበር 2020 ከትግራይ ጦርነት የሸሸ ሰው ተከዜን እየተሻገረ የሱዳኗ ሐምዳይት ገባ፤ ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ቁጥሩ 40,000 አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ድርቅ ስደተኛ ያስጠለለው የገዳሪፉ ኡም ራኩባ መጠለያም እንደገና ተከፈተ። በዚያው ወር በ25ኛው ቀን ለንደን ላይ አንድ የገንዘብ ሚኒስትር ተነሥቶ የውጭ እርዳታ ከብሔራዊ ገቢ 0.7 በመቶ ወደ 0.5 ይወርዳል አለ። የሚኒስትሩ ስም ሪሺ ሱናክ ነው። ያን ሰሞን የተወራራጆች ጥያቄ ምን ነበር? ይህ ወጣት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ቦሪስ ጆንሰንን ይተካል ወይስ አይተካም።

ጆንሰንም በ2022 የራሳቸውን ጨዋታ አመጡ፤ በጀልባ የሚገባውን ስደተኛ ወደ ሩዋንዳ መላክ። በጀልባ ከሚሻገሩት መካከል ሱዳናውያንና ኤርትራውያን ብዙ ናቸው፤ በከሰላ በኩል አልፎ የሄደ ኤርትራዊም ብዙ ነው። ዕቅዱን የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2023 ሕገ ወጥ ነው አለው፤ የሌበሩ ኪር ስታርመር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሲመጡ ጣሉት። አዲሱ መንግሥት እንደተናገረው 700 ሚሊዮን ፓውንድ ወጥቶበት በፈቃዳቸው የሄዱት አራት ሰዎች ናቸው። በየትኛውም የቤቲንግ ቤት እንዲህ ያለ ትኬት የቆረጠ ሰው ቤተሰቡ ሽማግሌ ይልክበት ነበር።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ገዳሪፍ ላይ አንድ የውርርድ ቤት መክፈት ነው። እንግሊዞች «ገንዘብ ያስያዘ ሰው በጥንቃቄ ያስባል» ካሉ፣ ከ1884 ጀምሮ ኑሮውን ያስያዘው ሕዝብ ከሁሉ የጠለቀ ተንታኝ መሆን አለበት። የሰሊጥ ጨረታው በሚካሄድበት ገበያ አንድ ጥግ ይሰጠው። ጀበና ይጣድ፤ ሰሌዳ ይሰቀል። የሱዳን ሕግ ቁማርን ስለሚከለክል ችግር ከመጣ ከገላባት ድልድዩን ተሻግሮ መተማ ዮሐንስ ላይ ይከፈት፤ ከተማዋ የስሟን ባለቤት ይዛ ስለ እንግሊዝ ቃል በቂ ልምድ አላት።

ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ግን ለንደን እንደሚጽፈው አይሁን። ቀጣዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ማን ይሆናል የሚለው ገበያ የአሁኑ ሳይቀመጥ ይከፈታል፤ ተከራካሪም ሞልቷል። የገዳሪፍ ሰው ጥያቄው ሌላ ነው። ለምሳሌ፦ 0.7 በመቶ በ2015 በሕግ የጸና ግዴታ ነው፤ ሕጉ አልተሻረም። ሌበር በ2024 የምርጫ ሰነዱ የበጀት ሁኔታው እንደፈቀደ ወደዚያ እመልሰዋለሁ አለ። በፌብሩዋሪ 2025 ስታርመር ለመከላከያ ገንዘብ ፍለጋ እርዳታውን ከ0.5 ወደ 0.3 በመቶ በ2027 እንደሚያወርዱ ተናገሩ፤ ሱዳን ግን አትረሳም አሉ። የልማት ሚኒስትሯ አኔሊዝ ዶድስ በሦስተኛው ቀን ሥራቸውን ለቀቁ። በኤፕሪል 15፣ የሱዳን ጦርነት ሁለት ዓመት በሞላበት ቀን፣ ለንደን ስለ ሱዳን ጉባኤ ጠራች፤ ተዋጊዎቹ አልተጋበዙም፤ የተጋበዙትም በአንድ መግለጫ ሳይስማሙ ተበተኑ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትኬት ይህ ይሁን፦ የበጀት ሁኔታው የሚፈቅደው በየትኛው ዓመት ነው? ከ2029 በፊት፣ በ2029፣ ወይስ ከዚያ ወዲያ። ኦድ የሚያወጣ ባለሙያ ከለንደን ይምጣ፤ ማረፊያውን ኡም ራኩባ ያዘጋጃል።