ባጃጇ ጥርስ አወጣች

ባጃጅ ሲፈጠር ፊት አልተሰጠውም። ፑኔ ያሉት ሕንዶች ሞተሩን ከኋላ፣ ከተሳፋሪው መቀመጫ ሥር ሸጉጠው፣ ከፊት አንድ ጎማ፣ አንድ ፓራፋንጎና መብራት ሰጥተው ሸኙት። ሞተሩ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተር የለውም፤ ራዲያተር ከሌለ ደግሞ ከፊት ለፊት ነፋስ የሚያስገባ ፍርግርግ አያሻም። ፓራውልትም እንዲሁ። በሦስት እግሩ ሲንፏቀቅ የሚውል ነገር ማንን ሊገጭ? ሒሳቡ የመሐንዲስ ሒሳብ ነው፤ እንከን አይወጣለትም። ምን ዋጋ አለው፣ መሐንዲሱ መካነ ሰላም መጥቶ አያውቅም። እዚህ ፊት የሌለው ነገር አይከበርም።

የእህቴ ልጅ ከእቁብ በደረሰው ብርና በእናቱ ላም ዋጋ ሰማያዊ ባጃጁን ገዝቶ ሥራ እንደጀመረ፣ አንድ ማታ ቤቴ መጥቶ ቡና እየጠጣን ጭንቀቱን ዘረገፈው።

«ጋሼ፣ ግንባር ላሠራላት ነው።»

«ለማን?»

«ለባጃጇ ነዋ! ባዶ ፊት ናት እኮ። አይሱዙ ሲመጣ ከመንገድ የምትወጣው እሷ፤ ቅጥቅጥ ሲመጣ የምትወጣው እሷ። ትናንትማ ጭድ የጫነች አህያ ናት ያስወጣችኝ።»

አህያዋ ስትነሳ ነገሩ እንደከበደ ገባኝ። አይሱዙ ቢያስወጣው የጉልበት ጉዳይ ነው፤ አህያ ስታስወጣው ግን የክብር ጉዳይ ሆኗል። ቢሆንም አጎትነቴን ለመወጣት ያህል «ፍርግርጉ ምን ያደርግላታል? ሞተሯ እንደሁ ከኋላ ነው» አልኩት። በሐዘኔታ አየኝ። መጽሐፍ ያነበበ ሰው እንዲህ ይደነቁራል እንዴ የሚል አስተያየት ነው።

በማግስቱ ብየዳ ቤት አብሬው ሄድኩ። በያጁ ዕድሜውን ሁሉ የኖረው በርና መስኮት ሲበይድ ነው። ሲሚንቶው ወለል ላይ ተንበርክኮ በጠመኔ የባጃጇን አፍንጫ ሣለ፤ ከፍታውን በስንዝር፣ ስፋቱን በክንድ ለካ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ከልማዱ የተነሳ ጠየቀ፦ «ሌባ እንዳያሾልክ ላጥብበው?» የእህቴ ልጅ ትንሽ አሰበና «አጥብበው» አለ። በየት በኩል ምን የሚያሾልክ ሌባ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተነገረኝም።

ሥራው ተጀመረ። ከላይና ከታች ሁለት ቱቦላሬ፣ ጫፍ ጫፋቸው ወደ ኋላ ጎበጥ ያለ። በመሐላቸው ቁመታቸው እኩል የሆነ ቁርጥራጭ ፌሮ ቀጥ ቀጥ ብሎ ተደረደረ። የብየዳውን ጠባሳ በመፍጫ እያለሰለሰ ሳለ መብራት ሄደ። ሥራ ግን አይቆምም፤ መብራት እስኪመጣ ድረስ ባጃጇ በአንድ ጎኗ ብቻ ግንባር ይዛ ሰው ስታመላልስ ሰነበተች። መብራቱ ሲመለስ ቀሪው ተበየደ፣ ቀዩ አንቲ ረስት ተቀባ፣ በላዩ ብርማ ቀለም ተደረበበት። በመጨረሻ በያጁ ከትርፍራፊ ላሜራ ባለ ሦስት ጨረር ኮከብ ቆርጦ መሐሉ ላይ ለጠፈ። መርሴዲስ መሆኑ ነው። ለኮከቡ ዋጋ አልጠየቀም፤ ምርቃት ነው አለ። እኔ እንኳ መጀመሪያ ስቄ ኋላ ላይ ዓይኔን ከእሷ መንቀል አቃተኝ። ባጃጇ ጥርስ አውጥታለች።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ በር ላይ የሚጠብቁት ተማሪዎች በዕለቱ «ቪ8» ብለው አወጡላት። ባለሥልጣን የሚሄድበትን ላንድክሩዘር ማለታቸው ነው፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ። አንድ ሽማግሌ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጠው ሳለ ፀሐይ ብርማውን ግንባር መታችው መሰለኝ፣ ከድንጋያቸው ተነስተው እጅ ነሱ። የእህቴ ልጅ አጸፋውን በክላክስ መለሰ።

በሽማግሌው አልፈርድም። ለወሎ ሰው ከከተማ የሚመጣ ሥልጣን ምንጊዜም ፊቱ ላይ ብረት ያለው ነው። በ1977ቱ ድርቅ እርዳታ ይዘው የገቡት ላንድክሩዘሮች ግንባራቸው ላይ ወፍራም ቧንቧ፣ ጣሪያቸው ላይ ረጅም አንቴና ነበራቸው። ያኔ ልጅ የነበረ ሁሉ ስንዴም መርፌም ወረቀትም የሚመጣው ከዚያ ቧንቧ ጀርባ መሆኑን አይቷል። ካድሬውም በዚያው ዓይነት መጣ፣ ኋላም የልማት ባለሙያው። ልጅ አድጎ ባጃጅ ሲገዛ ታዲያ ምን ያሠራ?

በዚህ ነገር አጼ ቴዎድሮስ ከሁላችንም ይለያሉ። እዚሁ ጎረቤታችን መቅደላ ድረስ ወደ 7 ቶን የምትመዝነውን መድፋቸውን ሴባስቶፖልን ከጋፋት ሲያስጎትቱ፣ በ1860 ዓ.ም. የበሽሎን ገደል ያወረዷትና ያወጧት ከፊት ከፊቷ መንገድ እያስጠረጉ፣ ዓለት እያስፈነቀሉ ነው። ንጉሡ ያስተካከሉት የመንገዱን ፊት ነው። እኛ መንገዱን ማስተካከል ሲያቅተን የመኪናውን ፊት እናስተካክላለን።

ቪ8 የተፈተነችው በአህያ ነው። ያቺው ትሁን ሌላ አላውቅም፣ ጭድ ግን ጭናለች። የእህቴ ልጅ በአዲሱ ግንባሩ ተማምኖ ክላክሱን እየነፋ ቀረበ፤ አህያዋ በበኩሏ ስለ ግንባር የሰማችው ነገር የለም። ግጭቱ ቀላል ነበር። አህያዋ ጆሮዋን አራገበችና መንገዷን ቀጠለች። የባጃጇ ቱቦላሬ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ፓራፋንጎውን ጎማው ላይ አስቀመጠው፤ ብረቱ የታሠረበትም ቦታ አብሮ ጎበጠ። ካሣ ልትጠይቅ የመጣችው የአህያዋ ባለቤት ጉዳቱን ዞር ዞር ብላ አየችና «እኔው ልክፈልህ እንዴ ወንድምዓለም?» ብላ ሄደች።

የፋብሪካ ፓራውልት ሥራው ቀድሞ መሞት ነው። ላስቲኩ ይሰነጠቃል፣ ስሱ ላሜራ ይጨማደዳል፣ በዚያ መሐል ምቱ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ሻንሲውና ሰውየው ይተርፋሉ። የተበየደ ቱቦላሬ አልሞትም ባይ ስለሆነ ምቱን እንዳለ ወደ ኋላ ያሳልፈዋል። የሚገጨው እግረኛ ሲሆንማ የባሰ ነው፤ አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ2005 እነዚህን የግንባር ብረቶች የሚገድብ መመሪያ ያወጡት በዚሁ ምክንያት ነው። በባጃጅ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ አንድ የፊት ጎማ ላይ ሩብ ኩንታል የሚሆን ብረት ሲሰቀል መሪው ይከብዳል፣ መታጠፊያ ላይ እጅ ያዝላል። ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ አስረዳሁት። በጥሞና ሰምቶ ሲያበቃ ብረቱን አስቃንቶ፣ ከጀርባው ሁለት ደጋፊ ጨምሮ አስበየደው። የተማረው ነገር ቢኖር ከብየዳ ወደ ብሎን መዞርን ነው፤ ቦሎ ሲደርስ ዳዶዎቹን ፈትቶ ግንባሯን አልጋ ሥር ያስተኛታል፣ ምርመራው ሲያልቅ መልሶ ያስራል። ቤቱ ውስጥ አልጋ ሥር ያለውን ብረት ያየ እንግዳ ሁሉ የመስኮት ትርፍ ይመስለዋል። ብዙም አልተሳሳተም።

ይህን ያህል ስቀልድ ከርሜ አፌን ያዘጋኝ የጥር ሠርግ ነው።

ሙሽራው ከደሴ ነጭ አውቶሞቢል አስመጣ። መኪናዋ በጉጉፍቱ ብርድና ጉም፣ በአቀስታ በኩል አድርጋ በሰላም ደረሰች፤ ምንም አልሆነችም። ችግር የመጣው ከደረሰች በኋላ፣ አስጌጪዎቹ እጅ ስትገባ ነው። የፕላስቲክ አበባ በፍርግርጓ ላይ ደረደሩ፤ ሪባን ከጎን ወደ ጎን አጠላልፈው ሠሩባት፤ የፊት ታርጋዋን በልብ ቅርጽ ሸፈኑት፤ ኮፋኖዋ ላይ አሻንጉሊት አስቀመጡ። በየትኛውም ቀዳዳ ነፋስ እንዳይገባ የታዘዙ እንኳ ይህን ያህል አይደፍኑም። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይጠብቅ በ91 ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ጤነኛ ከሆነ ግፊቱን ይዞ ይታገሣል፤ ያረጀ ከሆነ ያው ውሃው ቶሎ ተንተክትኮ ይወጣል። አየሩም ስስ ስለሆነ የሚያቀዘቅዘው ትንሽ ነው። በዚህ ላይ የሠርግ መኪና በእግረኛ እርምጃ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ከፊቷ እየተዘፈነላት ነው ዳገት የምትወጣው።

ከሙሽሪት ቤት ብዙም ሳንርቅ ከአበባው መሐል እንፋሎት ወጣ። ሕዝቡ መጀመሪያ የዝግጅቱ አካል መስሎት እልል አለ። ሾፌሩ ወርዶ ኮፋኖውን ሲከፍት ነው ነገሩ የታወቀው፤ የቀለጠ የፕላስቲክ ጽጌረዳ በጣቱ ይዞ ቆመ። ሚዜዎቹ ከረቫታቸውን እንዳሰሩ ውሃ ፍለጋ ተበተኑ። ሙሽሪት ፀሐይ ላይ፣ ቬሏ አቧራ ላይ። የሙሽራው አባት ግራ ቀኝ ሲያዩ ዓይናቸው ያረፈው አጃቢ ሆና ከኋላ በቆመችው ቪ8 ላይ ነበር።

እሷም ተጊጣለች፤ አበባውም ሪባኑም ፍርግርጓን ሞልቶታል። ግን ፍርግርጉ የውሸት ነው፤ ቢደፈን ማን ይጎዳል? ሞተሯ ከኋላ ንጹሕ ነፋሱን እየሳበ እንደ ልቡ ያጓራል። ሙሽሪትን ከነቬሏ፣ ሙሽራውን ከነሱፉ ጭና፣ በመርሴዲስ ኮከቧ እየመራች ዳገቱን ወጣችው። የእህቴ ልጅ በመስታወቱ ወደ ኋላ ያየኝ አስተያየት እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ከዚያ በኋላ ስለ ፍርግርግ ጥቅም ማውራቱን ትቼ ወደ ታሪክ ዞርኩ። ቮልስን አነሳሁለት። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ፣ በነፋስ የምትቀዘቅዝ፣ ፊቷ ላይ የራዲያተር ፍርግርግ የሌላት። የአዲስ አበባ ቮልስ ወዳጆች ዛሬም በደማቅ ቀለም እየቀቡ የሚያቆነጇት እንዲሁ ልሙጥ ፊቷን እንደያዘች ነው። ባለቧንቧው የድሮ ፓራውልትና እ.ኤ.አ. ከ1968 ሞዴል ጀምሮ የመጣው ቀጥ ያለ ፓራውልት የትኛው እንደሚያምር ሲከራከሩ ሊመሽባቸው ይችላል፤ ፍርግርግ ይገጠምላት የሚል ግን አላጋጠመኝም። ደግሞስ ክብር በግንባር ብረት ከሆነ፣ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ግርማው የሚያስፈራ ፍርግርግ ያላቸው ሮልስሮይሶች ቆመው ሳለ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን ይዛ የወጣችው ቮልስዋገን አይደለችም ወይ?

«ታዲያ ጋሼ» አለ የእህቴ ልጅ፣ «እሳቸው በሮልስሮይስ ቢሆኑ ማን ያወርዳቸው ነበር?»

ተውኩት። የቀረኝ አንድ ጥይት ነበር፦ የእንግሊዟ ኤም ጂ ቢ። ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚነሳ ስፖርት መኪና ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 አቢንግዶን በተባለች ከተማ በየዓይነቷ ከ500 ሺህ በላይ ተሠርታለች። ስትወለድ ቀጭን ኒኬል ፓራውልትና የሚያብረቀርቅ ፍርግርግ ነበራት። አሜሪካ ከ1973 ሞዴል ጀምሮ «በሰዓት 5 ማይል ሲገጭ የፊት መብራቱ እንዳይጎዳ» የሚል ደንብ አወጣች። 8 ኪሎ ሜትር ግድም መሆኑ ነው፤ የአህያ ፍጥነት። አቢንግዶን ዋናው ገበያዋ አሜሪካ ነበርና መጀመሪያ ሁለት ትልልቅ የላስቲክ ጉብታ ከፊት ሰካችባት፤ እንግሊዞች በአንዲት ደረተ ሙሉ ተዋናይት ስም «ሳብሪና» አሏቸው። በ1974 መገባደጃ ደግሞ ፍርግርጉም ኒኬሉም ተነቅሎ ፊቷ በሙሉ በጥቁር ላስቲክ ተዋጠ። የመብራት ከፍታ ደንብ ስለነበረም መኪናዋን ከፍ አደረጓት፤ ኩርባ ላይ መንገዳገድ ጀመረች። የፖርሽ ሰዎች ያንኑ ደንብ 911 ላይ በሚተጣጠፍ ላስቲክ በብልሃት ሲያልፉት፣ እንግሊዝ ግን የልጇን ፊት አጠፋች። እኔ ልፍረድ ካላችሁኝ ከዚያ ላስቲክ የበያጁ መስኮት ይሻላል።

ይህን ሁሉ በስልኬ ሥዕል እያሳየሁ ነገርኩት። ባለቤቶቹ ከዚያ ወዲህ ያንን ላስቲክ ነቅለው መጣል ሥራዬ ብለው እንደያዙት፤ መያዣ ብረቱን ቆርጠው፣ የፓራፋንጎውን ታችኛ ጫፍ በላሜራ አሟልተው፣ የጥንቱን ቀጭን ኒኬልና ፍርግርግ እየፈለጉ እንደሚገጥሙ፤ ለዚህ ብቻ የሚሆን ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች እንዳሉ። «አየህ፣ የሠለጠነው ዓለም ከባዱን እያወለቀ ነው» ብዬ ዘጋሁ።

ሥዕሉን በሁለት ጣቱ አሰፋው። ጥቁሩን ላስቲክ ከዳር እስከ ዳር፣ ውፍረቱን፣ ከውስጡ ያለውን ብረት መረመረ። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ገባው ብዬ ደስ አለኝ።

«ጋሼ፣ ይኼ ላስቲክ ሲመታ ተመልሶ ይነፋል አይደል?»

«ቀስ ብለህ ከመታኸው፣ አዎ።»

«አህያ ቢሆን?»

«ለአህያ ይበቃል።»

«እንግዲያው የነቀሉትን የት ነው የሚጥሉት? እንግሊዝ አገር የምታውቀው ሰው የለህም?»